በቀትር የሚደክም የድሬዳዋ ሶላር

ከሳቢያን የጻፉልን ጠያቂ፣ ሁለት ባለ 150 ዋት ፓኔሎችን በትይዩ አገናኝተው ባለ 12 ቮልት ባትሪ ይሞላሉ። ጠዋት ጥሩ የነበረው ቻርጅ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ እየወረደ ባትሪው ሳይሞላ ይመሻል፤ ጠጋኙም ባትሪ እንዲቀይሩ መክሯቸዋል።

ባትሪውን ለጊዜው አይንኩት። ጠዋት በደህና ሞልቶ ፀሐይ ስትበረታ የሚደክም ከሆነ ጥርጣሬዬ ሙቀቱና ሽቦው ላይ ነው፤ ፓኔሎቹ ቆርቆሮው ላይ እንደተለጠፉ፣ ሽቦውም ባለ 2.5 (ካሬ ሚሊ ሜትር) ሆኖ እስከ ኮንትሮለሩ፣ ማለትም የባትሪውን አሞላል እስከሚቆጣጠረው ዕቃ፣ 12 ሜትር እንደሚወርድ መግለጽዎ ጥርጣሬዬን አጠናክሮታል።

ፓኔል የሚሠራው በብርሃን ነው፤ ሙቀት ግን ቮልቱን ይቀንስበታል። ጀርባው ላይ የተጻፈው ዋት የተለካው ሴሉ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ ነው። ድሬዳዋ ላይ፣ አየር በማያስገባ ቆርቆሮ ላይ የተኛ ፓኔል በቀትር 65 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዲግሪ 0.4 በመቶ ያህል ስለሚቀንስ 18 ቮልት የነበረው ወደ 15 ይጠጋል። ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው ሐረር ያው ፓኔል የተሻለ ቮልት የሚሰጠው አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ነው። በዚህ ላይ 16 አምፒር ቢያልፍበት የእርስዎ ሽቦ በመሄጃና በመመለሻው 3 ቮልት ያህል ይበላል። ባትሪው ሊሞላ ሲቃረብ 14.4 ቮልት ይፈልጋል፤ የተረፈው 12 ቮልት ግን ወደ ባትሪው ሊገፋ ስለማይችል አምፒሩ ይወርዳል።

ለማረጋገጥ በቀትር ቻርጅ እያደረገ ሳለ በመልቲሜትር ፓኔሉ ጫፍ ላይና ኮንትሮለሩ መግቢያ ላይ ቮልቱን ይለኩ። ልዩነቱ ከ1 ቮልት ከበለጠ ጥፋቱ የሽቦው ወይም የማያያዣው ነው።

ማንኛውንም ሽቦ ከመፍታትዎ በፊት ፓኔሎቹን በወፍራም ብርድ ልብስ ይሸፍኑ። የፓኔል ጅረት ዲሲ (አቅጣጫው የማይለዋወጥ) ስለሆነ፣ ጭነት ላይ እያለ ሲነቀል የሚፈጠረው ብልጭታ በቀላሉ አይጠፋም፤ እጅና ጣሪያ ያቃጥላል።

ጣሪያ ላይ ተጠማዞ በፕላስተር የተጠቀለለ የሽቦ መጋጠሚያ ካለ ቆርጠው ይጣሉት፤ እንዲህ ያለውን ጥገና ባየሁ ቁጥር እናደዳለሁ፤ ፕላስተሩ በፀሐይ ይላላል፣ መዳቡም ይጠቁራል። ቀጥሎ ፓኔሎቹን በአንግል ብረት ከቆርቆሮው ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ያንሷቸው፤ ወደ ደቡብ 10 ወይም 15 ዲግሪ ማዘንበል ለዚህ ከተማ ይበቃል። ሽቦውን ባለ 10 ያድርጉት፤ ብክነቱ ከ1 ቮልት በታች ይሆናል። ጫፉን ልጠው ክሩን በቢላ ሲፍቁት ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ስለሆነ ለሻጩ ይመልሱት። ሌላው መንገድ ፓኔሎቹን በተከታታይ አገናኝቶ በኤምፒፒቲ ኮንትሮለር (ከፍ ያለውን የፓኔል ቮልት ለባትሪው ወደሚስማማ ቮልት በሚቀይር ዓይነት) መሙላት ነው፤ ያን ጊዜ ቮልቱ እጥፍ፣ በሽቦው የሚያልፈው አምፒር ግን ግማሽ ስለሚሆን ባለ 2.5 ሽቦው ይበቃል። ነገር ግን ኤምፒፒቲ የሚል ጽሑፍ ብቻ የተለጠፈበት ርካሽ ዕቃ ገበያው ላይ ሞልቷል፤ በእጅ ሲይዙት ቀላል ከሆነ ይጠራጠሩ፤ የሚችለው ከፍተኛ የመግቢያ ቮልትም ከ50 በላይ መሆኑን ያንብቡ።

ሲፈቱ መጀመሪያ የፓኔሉን፣ ቀጥሎ የባትሪውን ሽቦ ይንቀሉ፤ ሲመልሱ ባትሪው ይቀድማል። ብርድ ልብሱን የሚያነሱት ሁሉም ከታሰረ በኋላ ነው።