ሲንጀሬን ከጣቢያ ለማውጣት ልክፈል?

ጥያቄ፦

ሰላም ላንቺ ይሁን እህቴ። የምጽፍልሽ ከሐረር ነው። መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ከሚሰፉት አንዱ። የምሰፋበት ሲንጀር የስፌት መኪና የአባቴ ነበር። ወርቃማው ጽሑፍ በአባቴ መዳፍ ተፍቆ ግማሹ ጠፍቷል።

ከወር በፊት ሌሊት ሱቄን ሰብረው ጭንቅላቱን ፈትተው ወሰዱት። በሦስተኛው ቀን የሰፈር ልጆች ሌባውን ከነመኪናው ያዙልኝ። ተሰብስበን ለጣቢያ አስረከብን። ቃሌን ሰጠሁ፣ ፈረምኩ። በሳምንቱ ልጁን ሸዋ በር ጫቱን ይዞ ሲያልፍ አየሁት። ሌባው ተፈታ፣ መኪናዬ ታሰረ። ስጠይቅ "ኤግዚቢት ነው" ይሉኛል፤ ለማስረጃ የተያዘ ዕቃ ማለታቸው ነው። በአራተኛው ምልልስ መርማሪው ወደ ውጭ አወጣኝና "ቶሎ እንዲያልቅልህ 5,000 ብር አዘጋጅ፣ ወጪ አለብን" አለኝ። ቀበሌ ሄድኩ። "የፖሊስ ጉዳይ ነው፣ እኛን አይመለከትም" አሉኝ።

ጓደኞቼ "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል፤ ስጥና ሥራህን ሥራ" ይላሉ። አሁን የምሰፋው በሰው መኪና፣ በኪራይ ነው። ብከፍል ውስጤ ይቃጠላል፤ ባልከፍል ልጆቼ ይራባሉ። ከእንግዲህ ሌባ ቢያዝ እንኳ ለፖሊስ የምሰጥ አይመስለኝም። ምን ላድርግ?

ልብስ ሰፊው፣ ከሐረር

መልስ፦

ወንድሜ፣ እኔም ድሬዳዋ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። እንደ አገራችን ልማድ "አንተ" እያልኩ ልጻፍልህ።

አትክፈል። ይህን የምልህ ችግርህ ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም። የእንጀራህን መኪና ነው የያዙብህ። ግን በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ጉቦ የተቀበለ ብቻ ሳይሆን የሰጠም ወንጀለኛ ነው። ዛሬ ተበዳይ ነህ። ብሩን በሰጠህ ሰዓት እሱም አንተም አንድ ገመድ ላይ ትታሰራላችሁ፤ ነገ አፍህን ከፍተህ መናገር አትችልም።

እኔ ከፍዬ አውቃለሁ። እናቴ ከሞተች በኋላ የቤቱን ስም ለማዛወር ወራት ተመላለስኩ። አንዴ ኃላፊው ስብሰባ ነው፣ አንዴ ሲስተም የለም። በመጨረሻ በአንድ ጉዳይ ገዳይ በኩል ሰጠሁ። ወረቀቱ በሁለት ቀን ወጣ። በዓመቱ ለሌላ ጉዳይ እዚያው ቢሮ ስገባ ሰውየው ከሩቅ አይቶኝ ፈገግ አለ። ምንም አላለኝም። ወንበር ሳበልኝ፣ ፋይሌን ከጎኑ አስቀመጠ፣ ጠበቀኝ። ያቺን ፈገግታ እስከዛሬ አልረሳኋትም።

አሁን ስለ ሌባው። ሸዋ በር ስላየኸው በገንዘብ ነው የወጣው ብለህ ደምድመሃል። ሊሆን ይችላል። ግን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ በዋስ የመፈታት መብትም ይሰጠዋል። ልጁ በዋስ ወጥቶ ክሱን እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አለማስረዳቱ ነው። አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። ጣቢያ በር ላይ ግን የሚጠብቅህ ዝምታ ነው። መርማሪው 5,000 ብር የጠየቀህ ያንን ዝምታ ለመስበር ነው። መኪናዬ የት ደረሰ፣ መዝገቡ የት ነው፣ መቼ ይመለስልኛል ብለህ ስትጠይቅ በነፃ ሊነግርህ የሚገባውን ነገር ነው የሚሸጥልህ። ሕዝቡ ፖሊስን አላምንም ቢል አልፈርድበትም።

እስካሁን ያደረግከው ሁሉ በአፍ ነው። ዕድሜዬን የፈጀሁት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ነው፤ በአፍ የቀረበ አቤቱታ ደጃፉን ሳይሻገር ሲሞት አይቻለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ የምርመራ መዝገብ ቁጥርህን ጠይቅ። ቃልህን ስትሰጥ ተነቦልህ ነበር? በ1954 የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 14 አቤቱታህ በጽሑፍ ሰፍሮ፣ ተነቦልህ፣ ቀን ጽፈህ እንድትፈርም ነው የሚለው። ብዙ ሰው ሳይነበብለት ይፈርማል።

ከዚያ ማመልከቻ ጻፍ፤ አንድ ገጽ ይበቃል። ለጣቢያው አዛዥ፣ ግልባጭ ለዐቃቤ ሕግ። መኪናው የዕለት ጉርስህ መሆኑን፣ ከሌባው እጅ የተያዘበትን ቀን ግለጽ። ፎቶ ተነሥቶ ፎቶው ከመዝገቡ ጋር እንዲያያዝ፣ መኪናው ግን በተጠራህ ሰዓት ልታቀርበው ፈርመህ በአደራ እንዲሰጥህ ጠይቅ። እምቢ ካሉህ ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጡህ። ሁለት ኮፒ ይዘህ ሂድ፤ አንዱን ሲቀበሉ በሌላው ላይ ቀንና ገቢ ቁጥር ጽፈው ማኅተም ያድርጉልህ። "ተወው፣ እናየዋለን" ቢሉህ ማኅተሙን ሳታይ ከዚያ አትነሣ።

ብቻህን አትሂድ። ከእድርህ ወይም ከጎረቤት አፎቻ (የሐረሪዎች መረዳጃ ማኅበር) ሁለት ሽማግሌ ይዘህ ግባ። እነሱ ምንም መናገር የለባቸውም፤ ተቀምጠው ይስሙ። ሽማግሌ እያየ "ወደ ውጭ ና" የሚል መርማሪ ብዙ የለም።

የጉቦውን ነገር እዚህ ማመልከቻ ውስጥ አታስገባው። መኪናህን የምትጠይቅበት ወረቀትና ሰው የምትከስበት ወረቀት ከተቀላቀሉ መጀመሪያ የሚጎዳው መኪናህ ነው። ለዚያ ግን ዛሬ ማታ ደብተር አውጣ። የትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ የት ቆማችሁ፣ ምን ብሎ እንደተናገረ በቃሉ ጻፈው። ብር ይዤ ላጥምደው እንዳትል፤ ያ ያንተ ሥራ አይደለም። ጽሑፉን ይዘህ የክልሉ ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ወይም የፖሊስ ኮሚሽኑ አቤቱታ ሰሚ ጋ ትቀርባለህ። ትፈራለህ፣ አውቃለሁ። የጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ። ግን የታሰበው ለከባድ ወንጀሎች ስለሆነ ላንተ ጋሻ ይሆናል ብዬ አላታልልህም። ስለዚህ መኪናህን ካወጣህ በኋላ አቅርበው ብልህ አይከፋኝም። ግን አቅርበው። ካንተ በኋላ የሚመጣው ሰው 5,000 እንኳ የሌለው ሊሆን ይችላል።

የኪራዩን ወጪ ደረሰኝ ካለህ አስቀምጥ፤ ከሌለህም ያከራየህ ሰው በጽሑፍ ይፈርምልህ።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ሲንጀር ሁሉ ቁጥር አለው፤ ብረቱ ላይ ተቀጥቅጦ የተጻፈ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ በኩል፣ ጨርቁ ከሚተኛበት ጠፍጣፋ ብረት ላይ፣ ከእጀታው ሥር ታገኘዋለህ። ጣቢያ ስትገባ ኤግዚቢቱን አሳዩኝ በል። ዘይትና አቧራ ይሸፍነዋልና ቁራጭ ጨርቅ ይዘህ ሂድ። ጥረገው፣ ቁጥሩን ሽማግሌዎቹ ፊት ጮክ ብለህ አንብብና ማመልከቻህ ላይ ጻፈው። ከዚያ በኋላ ያንን መኪና በሌላ መለወጥም ሆነ "ጠፋ" ማለት አይቻላቸውም።