«ሜሹን ባደቀቅኩት ቁጥር ስትረሱ ይጨምራል» ላልከው ወንድሜ

ጥያቄህን ትናንት ማታ አየሁት። በሁለት መስመር የሚያልቅ ስላልሆነ ረጋ ብዬ ልጻፍልህ ብዬ ነው ዛሬ የመጣሁት።

ላላያችሁት ባጭሩ፦ ልጁ እዚህ ባሕር ዳር ፖሊ የማስተርስ ተማሪ ነው። ጣና ላይ ለሚሠሩ ጀልባዎች የሞተር ማሰሪያ ብራኬት አባቁስ በሚባል ሶፍትዌር እያሰላ ነው። ሶፍትዌሩ ዕቃውን ኤለመንት በሚባሉ ትናንሽ ቁራጮች ይከፋፍለዋል (ክፍልፋዩ ሜሽ ይባላል)፤ ከዚያ በየቦታው ያለውን ስትረስ፣ ማለትም በአንድ አሃድ ስፋት ላይ የሚያርፈውን ኃይል፣ ያሰላል። ብራኬቱ ኤል ቅርጽ ነው። ኤለመንቱ 4 ሚሊሜትር ሲሆን ከፍተኛው ስትረስ 142 ሜጋፓስካል፣ 2 ሲሆን 195፣ 1 ሲሆን 267 መጣበት። የብረቱ ዪልድ፣ ማለትም ላይመለስ መጉበጥ የሚጀምርበት ስትረስ፣ 235 ነው። «የትኛውን ልጻፍ? ላይሰንስስ ከየት ላምጣ? በዚህ ሥራ ውጭ ፒኤችዲ ይገኛል ወይ?» ይላል።

ሦስቱንም አትጻፍ።

በመጀመሪያ ካልኩሌተር አውጣ። 195ን ለ142፣ 267ን ለ195 አካፍል። ሁለቱም 1.37 ገደማ ነው የሚሰጡህ። ይሄ አጋጣሚ አይደለም። በሊኒየር ኢላስቲሲቲ፣ ማለትም ብረቱ እንደ ስፕሪንግ በኃይሉ ልክ ይለጠጣል ብሎ በሚያሰላው ቲዎሪ፣ ወደ ውስጥ የገባ ባለ 90 ዲግሪ ስል ጥግ ላይ ስትረሱ ወሰን የለውም። ዊሊያምስ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው ይህን በስሌት ያሳየው። ወደ ጥጉ ስትጠጋ ስትረሱ በርቀቱ የ0.455 ፓወር ተገላቢጦሽ ያድጋል። ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ 37 በመቶ ይጨምራል ማለት ነው። ነገ ኤለመንቱን 0.5 ብታደርገው ወደ 366 ይልሃል። ሶፍትዌሩ አልተሳሳተም፣ የጠየቅከውን ነው የመለሰልህ።

የማያቸው ቲሲሶች ላይ የተለመደው ዘዴ ከ235 በታች የሆነውን መርጦ «ሴፍ ነው» ብሎ መዝጋት ነው። ኤግዛሚነሩ ካልነቃ ያልፋል። ሞተሩ ግን ቲሲስ አያነብም።

አሁን ላፕቶፑን ዝጋና ብራኬቱ የተሠራበት ብየዳ ቤት ሂድ። የውስጠኛው ጥግ ላይ ጣትህን አስኪድበት። ስል ጥግ አታገኝም። ኤሌክትሮዱ ቀልጦ ሞልቶታል፤ ጎርበጥ ጎርበጥ ያለ ትንሽ ተዳፋት ነው ያለው። በግራይንደር የተሞረደ ከሆነ ደግሞ ክብ ብሎ ታገኘዋለህ። ያ ስል ጥግ ያለው ካድህ (ኮምፒውተር ላይ የሣልከው ሞዴል) ላይ ብቻ ነው።

ስለዚህ ብራኬቱ ከአንድ ላሜራ ታጥፎ የተሠራ ከሆነ ራዲየሱን ለክተህ ሞዴሉ ላይ አስገባው። ቅስቱ ላይ በርከት ያሉ ባለ ሁለተኛ ዲግሪ ኤለመንቶች (በየጎናቸው መሃል ተጨማሪ ነጥብ ያላቸው) ደርድር። ያኔ ቁጥሩ አንድ ቦታ ይቆማል። የተበየደ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ብየዳው የሚያልቅበት ጠርዝ ላይ ያለውን ስትረስ በቀጥታ ማንበብ አይሆንም። ዓለም አቀፉ የብየዳ ተቋም የሚመክረው የሆት ስፖት ዘዴ አለ። ከጠርዙ በላሜራው ውፍረት 0.4 እጥፍና 1.0 እጥፍ ርቀት ላይ ስትረሱን ታነባለህ። የመጀመሪያውን በ1.67፣ ሁለተኛውን በ0.67 ታበዛና ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ትቀንሳለህ። የምታገኘውን ከዪልድ ጋር ሳይሆን ከፋቲግ ከርቭ ጋር፣ ማለትም ብረቱ በተደጋጋሚ ጭነት ደክሞ ከመሰንጠቁ በፊት ስንት ዙር እንደሚችል ከሚያሳየው ግራፍ ጋር፣ ነው የምታወዳድረው። ሞተር ይንቀጠቀጣል፤ እንዲህ ያለውን ብራኬት ብዙ ጊዜ የሚሰነጥቀው ክብደቱ ሳይሆን ፋቲግ ነው። እውነቱን ለመናገር ቲሲስህ ከመጀመሪያውም ስለ 235 መሆን አልነበረበትም።

ኮንቨርጀንስ (ሜሹ ሲደቅቅ መልሱ መርጋቱን) ማሳየት ካለብህ የጫፉን ዲስፕሌስመንት (ከቦታው ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ) ተመልከት፤ እሱ ይረጋል። የሪአክሽኖቹ (ብራኬቱ የታሰረባቸው ቦታዎች መልሰው የሚገፉት ኃይል) ድምር ከሞተሩ ክብደትና ግፊት ጋር መግጠሙንም እይ። ብራኬቱን እንደ ካንቲሊቨር (በአንድ ጫፉ ብቻ እንደተያዘ ምሰሶ) ቆጥረህ ቤንዲንግ (የመታጠፍ) ስትረሱን በእጅህ አስላ፤ ከጥጉ ራቅ ያለው ቁጥር ከዚያ ብዙ መራቅ የለበትም። ባለ 4 ኖድ ቴትራ (አራት ነጥብ ያለው ፒራሚድ መሰል ኤለመንት) ከተጠቀምክ ተወው፣ ለቤንዲንግ ከልክ በላይ ግትር ነው፤ ባለ 10 ኖዱን ውሰድ። ዩኒትም አደራ። በሚሊሜትር፣ በኒውተንና በሰከንድ ስትሠራ የብረት ዴንሲቲ 7850 ሳይሆን 7.85 በ10 ፓወር −9 ነው።

ስለ ላይሰንስ፦ ክራክ (ያለ ፈቃድ የተከፈተ ሶፍትዌር) ሁሉም ላፕቶፕ ላይ እንዳለ አውቃለሁ። ፔፐር ስትልክ «በየትኛው ላይሰንስ ሠራኸው?» የተባልክ ዕለት ግን መልስ የለህም። የአባቁስ የተማሪ እትም ነፃ ነው፤ 1000 ኖድ ላይ ይቆማል እንጂ። ካልኩሊክስ ይሻልሃል። ሙኒክ ያሉ የኤምቲዩ የአውሮፕላን ሞተር ኢንጂነሮች የጻፉት ነፃ ሶልቨር (ስሌቱን የሚሠራ ፕሮግራም) ነው። የግብዓት ፋይሉ ከአባቁስ ጋር በጣም ይመሳሰላል። ፕሪፖማክስ ከተባለው ፕሮግራም ጋር ዊንዶውስ ላይ በመዳፊት ትሠራበታለህ። መብራት ሲሄድ ግን ማንም አያድንህም፤ ረጅም ራን ከሆነ ከቆመበት የሚያስቀጥልህ ሪስታርት ፋይል አስቀምጥ።

ወደ ፒኤችዲው። ጀርመን ውስጥ ብዙው የኢንጂነሪንግ ፒኤችዲ የሥራ ቅጥር ነው፤ ደመወዝ አለው። ስለዚህ የስኮላርሺፕ ዝርዝር ብቻ አታሳድ፤ የየኢንስቲትዩቱን የክፍት ሥራ ገጽ ተከታተል። በቀጥታ ካልተሳካ ሽቱትጋርት በእንግሊዝኛ የሚሰጥ የኮምፒውቴሽናል ሜካኒክስ ማስተርስ አለ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሆነ ሰው በሴሚስተር 1500 ዩሮ ነው። ሙኒክ ቴክኒካል ዩኒቨርሲቲም አለ፤ እሱ ግን ከ2024 ወዲህ ለማስተርስ በሴሚስተር 4000 ወይም 6000 ዩሮ ማስከፈል ጀምሯል።

ለፕሮፌሰር ስትጽፍ ሶፍትዌሩ የሚያወጣውን ያንን ቀይና ሰማያዊ የስትረስ ሥዕል አትላክ። ሥዕል ሁሉም ይልካል። ናፌምስ የተባለው የዚህ ዓይነት ስሌት ባለሙያዎች ድርጅት ያወጣውን ኤልኢ1 የሚባል የመፈተኛ ፕሮብሌም በካልኩሊክስ ሥራ። ነጥብ ዲ ላይ መልሱ 92.7 ሜጋፓስካል መሆን አለበት። ሜሹን እያደቀቅክ ወደ 92.7 እንዴት እንደቀረብክ በአንድ ግራፍ አሳይ። ከጎኑ ስል ጥግ ያለውን ብራኬትህን አድርግና ለምን እንደማይረጋ በሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፍ። ከአንድ ገጽ አይለፍ። የሰውየውን ሁለት ፔፐር ሳታነብ አትላክ፣ ለሃምሳ ሰውም አንድ ዓይነት ደብዳቤ አትበትን።

ጽፈህ ስትጨርስ በውስጥ መስመር ላክልኝ። እንግሊዝኛውን አልነካልህም፣ ግራፉን ግን አየዋለሁ።