መልስ፦ ቀብር ላይ የማነበውን የአባቴን የሕይወት ታሪክ ከኮሪያ ዘመቻ ልጀምር ወይስ ከእድሩ?

ከእድሩ ጀምር። ለቀስተኛው አባትህን የሚያውቃቸው ሌሊት ተጠርተው ድንኳን ሲያስተክሉ ነው። አንድ እንደዚያ ያለ ሌሊት በሦስት ዓረፍተ ነገር ተርክ፤ ዝናቡንም፣ ፋኖሱንም ጨምር። ትውልድና ትምህርቱ ሁለት መስመር ይበቃዋል።

ኮሪያን ቀጥሎ አምጣው። ወደ ኮሪያ ከዘመቱት የኢትዮጵያ ጦር ክፍሎች፣ ከቃኘው ሻለቆች፣ በየትኛው እንደነበሩና መቼ እንደዘመቱ ጻፍ። ከዚያ ለእናንተ ለልጆች ያወሩትን አንድ ነገር ብቻ፣ ብርዱንም ቢሆን። የጦርነቱን ታሪክ በሙሉ ልጻፍ ካልክ አባትህ ይጠፉብሃል። ካስፈለገ አንድ ቁጥር ይበቃል፦ ከዘማቾቻችን 122ቱ እዚያ ወድቀዋል፣ የተማረከ ግን የለም።

ልጆችን ስትዘረዝር ያሳደጓቸውን የዘመድ ልጆች እንዳትረሳ። ከረሳሃቸው ቅያሜው ከሰልስትም ያልፋል።

ዓመተ ምሕረቱን ግን ተጠንቀቅ። የምስክር ወረቀታቸው ላይ ያለው ቀን በፈረንጆች ሊሆን ይችላል። አንደኛው ቃኘው የዘመተው በ1951 ነው፤ በእኛ 1943። እኔ ሳልቀይር በአጎቴ ቀብር ላይ «በ1951 ዘመቱ» ብዬ አነበብኩ። አንድ ሜዳሊያ ያደረጉ አዛውንት ከፊት ወንበር «ያኔማ ጦርነቱ ካበቃ ስንት ዓመቱ!» አሉኝ፣ ድምፅ ማጉያው አጠገብ። ከማንበብህ በፊት በሕይወት ላለ የዘመቻ ጓደኛቸው ወይም ለእናትህ አስደምጥ።