ነጭ ፈሳሽና ማሳከክ፦ ወይባ ከመሞቅሽ በፊት

እህቴ፣ ለቶንሲል አንቲባዮቲክ ከጨረስሽ ወዲህ ነጭ ፈሳሽ እንደበዛብሽና እንደሚያሳክክሽ ነግረሽን፣ ወይባ ጢስ ብሞቅ ይሻለኛል ወይ ብለሻል። በወሎ የተወደደ መሆኑን አውቃለሁ፤ አሁን ግን ይቅርብሽ። ጢሱና ሙቀቱ የተቆጣውን ቆዳ ያባብሱታል እንጂ አያክሙትም። በሎሚም ሆነ በሳሙና ወደ ውስጥ መታጠብ ይቅር፣ ከውጭ ውሃ ይበቃል።

ፈሳሹ እንደ አይብ የሚፈረፈርና ሽታ የሌለው ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ፈንገስ ነው። አንቲባዮቲኩ ብልትን የሚጠብቁትን ባክቴሪያዎች ሲቀንስ ፈንገሱ ይራባል። የተለመደው ሕክምና ማታ ማታ ብልት ውስጥ የሚገባ ክሎትሪማዞል 200 ሚሊግራም ለ3 ሌሊት ነው። ማሳከኩ ቀድሞ ቢተውሽም ጨርሺው። የመጀመሪያሽ ከሆነ ግን ሳትመረመሪ አትግዢ፤ ቀጭን፣ ግራጫና ከግንኙነት በኋላ ዓሣ ዓሣ የሚሸት ፈሳሽ የባክቴሪያ ነው፣ ክሎትሪማዞል አይመልሰውም። ቢጫ አረንጓዴና አረፋማ ከሆነ በግንኙነት የሚተላለፍ ትሪኮሞናስ የተባለ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ባለቤትሽም አብሮ ይታከም። በሁለት የወር አበባ መካከል እንደ እንቁላል ነጭ የሚለጠጠው ጤነኛ ነው።

ከእምብርት በታች ሕመም፣ ትኩሳት፣ ከግንኙነት በኋላ ደም ካለ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂጂ። በዓመት 4 ጊዜ ከተመላለሰብሽ ስኳርሽን ተመርመሪ።