የሱቅ ዘካ፣ የእቁብ ብርና የቅሬ መዋጮ

ጥያቄ፦ ደሴ ሙጋድ አካባቢ ትንሽ የሸቀጥ ሱቅ አለኝ። ረመዳን ሲመጣ ዘካ የማወጣው በግምት ነው። ዓመቱን ሙሉ ለቅሬ (ለሰፈራችን እድር) አዋጣለሁ፣ እናቴንም እጦራለሁ፤ እነዚህ ከዘካ አይታሰቡልኝም? ገና ያልወጣልኝ እቁብስ?

መልስ፦ ግምቱን ይተዉና ይቁጠሩ። አንድ የሒጅራ ቀን ይያዙ፣ ረመዳን 1 ይሁን። በኛ አቆጣጠር ከሄዱ ዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ስለሚረዝም የድሃው ሐቅ ይዘገያል። በዚያ ቀን ዕቃው የሚተመነው በገዙበት ሳይሆን በዕለቱ በሚያወጣው ዋጋ ነው። ዘይት በወር ሁለቴ በሚጨምርበት ገበያ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ የዓምናውን ደረሰኝ ይዞ ይደምራል። መደርደሪያው፣ ሚዛኑና ፍሪጁ አይቆጠሩም። የሚከፍል ሰው ዘንድ ያለ ዱቤ ይደመራል፤ ተስፋ የተቆረጠበት ግን እጅ እስኪገባ ይቆይ።

እቁቡ፦ 12 ሰው በወር 10,000 ብር የሚጥልበት ከሆነና 6 ዙር ጥለው ዕጣው ካልወጣልዎ፣ 60,000 ብር ሰው እጅ ያለ ገንዘብዎ ነው፤ ይደመራል። ቀድሞ ወጥቶልዎ ከነበረ ነገሩ ይገለበጣል፤ የበሉት ብር ዕቃ ሆኖ ተቆጥሯል፣ የቀረዎት 60,000 ደግሞ ዕዳ ነው። ዕዳ በሐነፊ መዝሀብ (የሸሪዓ ሕግ አረዳድ መንገድ) ይቀነሳል፣ በሻፊዒ መዝሀብ አይቀነስም። ወሎ ውስጥ ሁለቱም ስላሉ የሚከተሉትን ሸኽ ይጠይቁ።

በሐነፊው እንሂድ። ዕቃ 310,000፣ ጥሬ ገንዘብ 45,000፣ እቁብ 60,000፣ ዱቤ 20,000፤ ድምሩ 435,000 ብር። ለአከፋፋይ ያለብዎት 75,000 ሲነሳ 360,000 ይቀራል። ለ40 ሲካፈል ዘካው 9,000 ብር ነው። ኒሷቡ (ዘካ ግዴታ የሚሆንበት ዝቅተኛው የሀብት መጠን) 85 ግራም ወርቅ ወይም 595 ግራም ገደማ ብር (ማዕድኑ) ነው። ወርቅ እንዲህ በናረበት ዘመን እንዲህ ያለ ሱቅ በወርቅ ሲለካ ከኒሷብ በታች ሊወድቅ ይችላል፣ በብር ማዕድን ግን ሊያልፍ ይችላል። በብር ማዕድን መለካቱ ለሚስኪኑ ይበጃል፤ እኛም የምንመክረው እሱን ነው።

እናትዎን መጦር ግዴታዎ ስለሆነ ዘካ አይሆንም። የተቸገረ ወንድም፣ እህት ወይም አክስት ግን ይቻላል፣ እንዲያውም ይቀደማሉ። የቅሬው መዋጮም አይታሰብም፤ ድንኳኑና ድስቱ ነገ እርስዎ ደጅ መምጣቱ አይቀርም፣ ጎረቤት ለጎረቤት የሚያዋጣው መረዳጃ ነው። ሱቅ በር ላይ ለሚለምን የሚዘረጉት ሳንቲምም ሲሰጡ ዘካ ብለው በልብዎ ካልነየቱ ሰደቃ (በፈቃድ የሚሰጥ ምጽዋት) ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ ደምሮ መቀነስ አይሆንም። ለተቀባዩ «ይህ ዘካ ነው» ማለት አያስፈልግም። እጁን ለመዘርጋት የሚያፍር ጎረቤት ካለ ዝም ብለው ይስጡት።

ጥያቄ፦ ቤታችን 6 ነን። ለፊጥራ (ለረመዳን ፍቺ ለሚሰጠው ዘካ) ስንት ኪሎ? በገንዘብስ ይሆናል? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ በነፍስ ወከፍ አንድ ሷዕ (የእህል መስፈሪያ)፣ ከ2.5 እስከ 3 ኪሎ ነው። በ3 ኪሎ ቢይዙት 18 ኪሎ፤ ጤፍ የምትበሉ ከሆነ ጤፍ፣ ማሽላ ከሆነ ማሽላ። በገንዘብ መስጠትን ሐነፊዎች ይፈቅዳሉ። ከዒድ ሶላት በፊት ተቀባዩ እጅ መግባት አለበት፣ ከሶላት በኋላ የደረሰ እንደ ተራ ሰደቃ ይቆጠራል። ስለዚህ ለዋዜማ አያቆዩት፤ እህሉን ቀደም ብለው ገዝተው፣ ጠጠሩን አስለቅመው ያስቀምጡ።