እሑድ እሑድ የምትመጣው ሴት

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

ይህን የምጽፍልዎ ትዕግሥቴ ተሟጦ ነው። በሚቀጥለው ወር ወደ ውጭ አገር ሄጄ በአንድ የወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ ለአራት ሳምንት በበጎ ፈቃድ አገለግላለሁ። ዓመት ሙሉ ተዘጋጅቼበታለሁ። የዓመት ፈቃዴን አጠራቅሜ፣ ክትባቴን ተከትቤ፣ የላኪውን ድርጅት ክፍያ በሦስት ጊዜ ከፍዬ ጨርሻለሁ። ከሻንጣዬ ግማሹ እርሳስ፣ የሥዕል ደብተርና ፊኛ ነው።

ታላቅ እህቴ ግን መቀመጫ ነሳችኝ። ነገሩን የነገርኳት ቀን የመጀመሪያ ቃሏ «ለልጆቹ ነው ለፎቶው?» የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ ባገኘችኝ ቁጥር ሳትነካኝ አታልፍም። ቤተ ዘመድ በተሰበሰበበት «የእኔን ልጆች አንድ ቀን ጠብቂልኝ ስልሽ ሥራ አለብኝ የምትይ አይደለሽም እንዴ?» ብላ አሸማቀቀችኝ። እውነት ነው፣ ሥራ ይበዛብኛል። ግን በጎ ነገር ለመሥራት የተነሳ ሰው እንዲህ ይደረጋል? ባለፈው ሳምንት ደግሞ «ልጅ መያዝ የት ተማርሽ?» አለችኝ። አልተማርኩም። ድርጅቱም ከፓስፖርቴ ቅጂና ከክፍያው ሌላ የጠየቀኝ ነገር የለም፤ «ፍቅር ብቻ ይበቃል» ብለው ነው የጻፉልኝ። ይህን ስነግራት ከት ብላ ሳቀች። ያ ሳቋ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በየሁለት ሳምንቱ ከልጆቹ ጋር በቪዲዮ ያገናኙኛል። አንዲት የአራት ዓመት ልጅ አለች፤ ስትስቅ ፊቷን በሁለት እጇ ትሸፍናለች። ቋንቋቸውን ትንሽ ትንሽ ስለለመድኩ እንግባባለን። አንድ ቀን ከኋላዋ በሩ ላይ የቆመችው ሴት ማን እንደሆነች ስጠይቃት «እማዬ ናት፣ እሑድ እሑድ ትመጣለች» አለችኝ። እዚያ ሁሉንም ሴት እማዬ የሚሉ መሰለኝ። ለእህቴ ብነግራት ደግሞ ሌላ መነትረኪያ ታገኛለች ብዬ ዝም አልኩ።

እህቴ ያሳደገችኝ ናት፤ ተኳርፈን መሄድ አልፈልግም። እንዴት አድርጌ ላስረዳት? ሌላም ነገር አለ። ባለፈው ልጅቷ «ስትመጪ ከእኔ ጋር ትኖሪያለሽ?» አለችኝ። አፌ አምልጦኝ «አዎ» አልኳት። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። አራተኛው ሳምንት ሲያልቅ ምን ልበላት? እመለሳለሁ ብላት ይከፋል?

ሻንጣዋን የሸከፈች

እህቴ ልበልሽ፣

እህትሽ አፏ ክፉ ነው፤ ሰው ፊት ማዋረድ ምክር አይደለም። ይህን ፊት ለፊት ንገሪያት። እኔን ያስጨነቀችኝ ግን እሷ ሳትሆን በሩ ላይ የቆመችው ሴት ናት። ለሳቅ ያን ያህል ቀለም አፍስሰሽ እሷን በሦስት መስመር አለፍሻት። ሁሉም ሴት እሑድ እሑድ አትመጣም። አንቺም ይህ ጠፍቶሽ አይደለም፤ ጠፍቶሽ ቢሆን ኖሮ ከእህትሽ ባልደበቅሽው።

ልጅቷ እናት አላት። እንዲህ ያለችው እሷ ብቻ አይደለችም። ሴቭ ዘ ችልድረን እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ዘገባ እንደገለጸው፣ በማሳደጊያ ከሚኖሩ አምስት ልጆች ቢያንስ የአራቱ አንድ ወይም ሁለቱም ወላጆቻቸው በሕይወት አሉ። ታዲያ ልጆቹ እዚያ ምን ይሠራሉ? አብዛኛውን ጊዜ እናት የምታበላው አጥታ፣ ወይም «እዚህ ይማርልሻል» ተብላ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በዚያው ዓመት ባጸደቀው መመሪያ ድህነት ብቻውን ልጅን ከወላጁ ለመለየት ምክንያት ሊሆን አይገባም ብሏል። ካምቦዲያ ውስጥ ግን እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2010 ባሉት ዓመታት የማሳደጊያዎች ቁጥር በ75 በመቶ ጨመረ። የሟች ወላጅ ቁጥር በዚያ ልክ ስለጨመረ አልነበረም፤ ጎብኚና ለጋሽ ስለበዛ ነው። በጎ ፈቃደኛ ሲከፍል አልጋው ባዶ እንዲሆን የሚፈልግ አይኖርም። በሦስት ጊዜ የከፈልሽው ገንዘብ ያቺን ልጅ ከእናቷ ጋር ለማኖር ስንት ወር ይበቃ እንደነበር ቁጭ ብለሽ አስቢው።

«ፍቅር ብቻ ይበቃል» ያሉሽ ነገር ደሜን አፈላው። የወንጀል ሪኮርድ እንዳለብሽ አልጠየቁም። ከዚህ በፊት ልጅ ይዘሽ እንደሆነ አልጠየቁም። አንቺ ደግ ሰው ነሽ፤ ግን ላንቺ ሳይጠይቅ የተከፈተ በር ለክፉውም ሳይጠይቅ ይከፈታል።

እኔ በወጣትነቴ እንዲህ ባለ ቤት ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ የሦስት ዓመት ልጅ ነበረን። አንዲት በጎ ፈቃደኛ ስትሄድ የፀጉር ላስቲኳን ሰጥታው ሄደች። ክንዱ ላይ አጥልቆት ይተኛል፤ ስናጥበው እንኳ አያስወልቅም። መኪና በሰማ ቁጥር ወደ አጥሩ ይሮጥ ነበር። አንድ ቀን ላስቲኩ ተበጠሰ፤ ቁራጩን ኪሱ ከተተው። ቀጣዩዋ ስትመጣ ስሟን እንኳ ሳይሰማ አንገቷ ላይ ተጠመጠመ። «ሰው ወዳድ ልጅ!» አለች፣ ደስ ብሏት፤ እኛም እንደዚያው አልን። ዓመት ሳይሞላ ግን ማንም ቢመጣ፣ ማንም ቢሄድ ቀና ብሎ አያይም። ሁሉንም በፈገግታ የምቀበል፣ በሩን የምከፍት እኔ ነበርኩ። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ሚዛናዊ ሁኚ አትበይኝ።

በሮማኒያ ዋና ከተማ በቡካሬስት፣ በማሳደጊያ የነበሩ 136 ሕፃናትን ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት ተከታትለዋል። ግማሾቹ በዕጣ ተለይተው ለአሳዳጊ ቤተሰብ ተሰጡ። ቤት የገቡት በአእምሮ ዕድገትም፣ ሰውን አምኖ በመጠጋትም እዚያው ከቀሩት ተሻሉ፤ በተለይ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የወጡት። ልጅ የሚፈልገው ሲነጋም ሲመሽም አንድ ሰው ነው፤ አንቺ ደግሞ አራት ሳምንት ነው ያለሽ።

አትሂጂ ነው የምልሽ። ክፍያው ሊቀልጥ ይችላል፤ እንደሚያምሽም አውቃለሁ። ግን ዛሬውኑ ለድርጅቱ ጻፊ፤ ያቺ ሴት ማን ናት? ልጇ ለምን አብራት አትኖርም? እንድትኖር ምን ያስፈልጋል? ብለሽ ጠይቂ። መልሱ ድህነት ከሆነ፣ ወይም ጭራሽ መልስ ከሌለ፣ ከዚህ በኋላ የምትሰጪውን ልጆችን ወደ ቤተሰባቸው ለመመለስ ለሚሠሩ ስጪ። ውጭ አገር ማገልገል ካማረሽ ደግሞ ሙያሽን ይዘሽ ለሞግዚቶቹ ወይም ለቢሮው የሚረባ ሥራ ፈልጊ፣ ልጅ ማቀፍ የሌለበት። የዓመት ፈቃድሽ ግን አይባክን። የእህትሽን ልጆች አንድ ሳምንት ጠብቂላት። የሳቀችብሽ ጠልታሽ አይመስለኝም፤ ልጆቿን እንድታያቸው ስትለምንሽ ኖራ ነው የመረራት።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። እመለሳለሁ አትበያት። «አዎ» ያልሻትንም ሳትውዪ ሳታድሪ አርሚው። ሞግዚቷ አጠገቧ እንድትሆን አስቀድመሽ ለምኚ። ከዚያ «አብሬሽ እኖራለሁ ያልኩሽ ተሳስቼ ነው፤ አልመጣም። አንቺ ምንም አላጠፋሽም» በያት፣ በራሷ ቋንቋ፣ ቀስ ብለሽ። ብታለቅስ ስልኩን አትዝጊ። ስትረጋጋ፣ እሑድ እማዬ ስትመጣ ምን ምን እንደሚያደርጉ ጠይቂያት፤ ነግራሽ እስክትጨርስም ስሚያት።