ኡቡንቱ ካደገ በኋላ ፖስትግሬስ ለምን ይወድቃል? ዕቃውስ ለምን "የለም" ይላል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ለሌሎቹም በአጭሩ ልድገመው። አዳማ ውስጥ የመድኃኒት ጅምላ ማከፋፈያ ሰርቨር ይዘሻል። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ኡቡንቱ 18.04 ነበር፣ ወደ 22.04 አሳደጋችሁት። ዳታቤዙ፣ ማለትም ፖስትግሬስ 12፣ እና የዳታ ፎልደሩ አልተነኩም። ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ሪፖርት ሲወጣ ዳታቤዙ ይወድቃል፣ ሪስታርት ሲደረግ ይነሳል። በዚያ ላይ መደርደሪያ ላይ ያለ ዕቃ በባች ቁጥሩ ሲፈለግ አንዳንዴ "የለም" ይላል።

እኔን ያሳሰበኝ መጨረሻ ላይ ጣል ያደረግሻት ነገር ናት። ዳታቤዙ ሲወድቅ ሁሉም ያያል፣ ሰው ይጮኻል፣ ይስተካከላል። ዕቃው "የለም" ሲባል ግን ማንም ሳያውቅ ዳታው ይበላሻል።

ምንም ነገር ከመንካትሽ በፊት ዳታቤዙን በሥርዓቱ አቁሚውና የዳታ ፎልደሩን ሙሉውን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጪ። ለጥያቄሽ ሲመልስ "የፖስትማስተር ፒአይዲን ፋይል አጥፊው" ያለሽ ሰው አለ። እባክሽ አታድርጊው። ያ ፋይል ሁለት ፖስትግሬስ በአንድ ዳታ ላይ እንዳይነሱ የሚጠብቅ ነው፤ የድሮው ፕሮሰስ ሳይሞት ካጠፋሽው ዳታሽን ልታጪ ትችያለሽ። ፒጂ ሪሴት ዋል የሚባለውን ትእዛዝም ተይው፣ እሱ ዳታቤዙ ጨርሶ አልነሳም ሲል የሚሞከር የመጨረሻ አማራጭ ነው፤ ያንቺ እኮ ይነሳል። "ለፍጥነት ኤፍሲንክን (ዳታው ዲስክ ላይ በትክክል መጻፉን የሚያረጋግጠውን) ዝጊው" ላለሽም እንደዚያው። አዳማ ላይ መብራት እንዴት እንደሚሄድ ለአንቺ አልነግርሽም።

አሁን ወደ መውደቁ። የፖስትግሬስን ሎግ ክፈቺና "ሲግናል 9" የሚል መስመር ፈልጊ። ካገኘሽው ፖስትግሬስ ራሱ አልወደቀም፣ ከውጭ ነው የተገደለው። ሰዓቱን ያዢና የከርነሉን ሎግ እዚያው ሰዓት ላይ እዪ፤ ሜሞሪ አልቆ ከሆነ የትኛው ፕሮሰስ እንደተገደለ ተጽፎ ታገኚዋለሽ። ከርነሉ አንድ ኮኔክሽን ብቻ ቢገድልም ፖስትግሬስ "ሼርድ ሜሞሪው ተነክቶ ይሆናል" ብሎ የሁሉንም ኮኔክሽን ይቆርጣል። ካሸሯም መጋዘኑም እኩል የሚጠፋባቸው ለዚህ ነው። ዴስክቶፕ ኡቡንቱን ሰርቨር አድርጋችሁት ከሆነ ደግሞ (ብዙ ቦታ አይቻለሁ) 22.04 ዴስክቶፕ ላይ ሲስተምዲ ኦኦኤምዲ የሚባል ሌላ ገዳይ አብሮ ይመጣል። ሎጉ ላይ እሱንም ፈልጊው።

መፍትሔው አብዛኛውን ጊዜ ኮንፊጉ ላይ ነው። ወርክ ሜምን (አንድ ሶርት የሚፈቀድለትን ሜሞሪ) 256 ሜጋባይት አድርገሽው 30 ሰው አንዴ ሪፖርት ቢያወጣ ወደ 7.5 ጊጋ ይሄዳል፣ ያውም እያንዳንዱ ኩዌሪ አንድ ጊዜ ብቻ ሶርት ካደረገ ነው። 8 ጊጋ ራም ላለው ማሽን ይሄ አይሆንም። ወርክ ሜምን ዝቅ አድርጊው፣ ሼርድ በፈርስን (የፖስትግሬስን የጋራ ሜሞሪ) የራሙ ሩብ አካባቢ ላይ አቁሚው፣ የከርነሉን ኦቨርኮሚት ሜሞሪ (ካለው በላይ ሜሞሪ ቃል እንዳይገባ የሚከለክለውን ሴቲንግ) 2 አድርጊው። ፖስትግሬሶች ራሳቸው የሚመክሩት ነው።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ይጀምራል። ፖስትግሬስ 12 ሌላ ካልታዘዘ ጽሑፍ የሚደረድረው በጂሊብሲ (ከኡቡንቱ ጋር የሚመጣ መሠረታዊ ላይብረሪ) ሕግ ነው። ጂሊብሲ 2.28 በ2018 ሲወጣ ያ ሕግ በብዙ ተቀየረ። ኡቡንቱ 18.04 ላይ ያለው 2.27 ነው፣ 22.04 ላይ ያለው 2.35። ስለዚህ ድንበሩን ተሻግራችኋል። "1-1" እና "11"ን ውሰጂ፤ በድሮው ሕግ "11" ይቀድማል፣ በአዲሱ "1-1"። ሰረዝ ያለበት ባች ቁጥር እንግዲህ ምን እንደሚሆን አስቢው። ኢንዴክሱ (ዳታው ቶሎ እንዲገኝ የተደረደረው ማውጫ) በድሮው ሕግ ተደርድሮ ዲስክ ላይ ተቀምጧል፣ ፈላጊው በአዲሱ ሕግ ይሄዳል። ካርድ ክፍል ውስጥ ካርዱ ሁሉ በድሮ ቅደም ተከተል ተደርድሮ ሳለ አዲስ ሠራተኛ በሌላ ቅደም ተከተል ሲፈልግ ማለት ነው። ካርዱ አለ፣ እሱ ግን "የለም" ይላል።

እዚሁ አዳማ አንድ መጋዘን ውስጥ ይህንኑ አይቻለሁ። ልጁ ካርቶኑን ታቅፎ ባች ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ልጅቷ ትጽፋለች፣ "የለም" ይላታል። ምን ታድርግ፣ አዲስ ብላ መዘገበችው። ድግግሞሽ እንዳይገባ የሚከለክለው ዩኒክ ኢንዴክስም የድሮውን ስላላገኘው ዝም ብሎ አሳለፈው። አንድ መድኃኒት፣ ሁለት መስመር፣ ሁለት ባላንስ።

ስለዚህ ማታ ሁሉም ሲወጡ ኤኤም ቼክን (የፖስትግሬስን ኢንዴክስ መፈተሻ) ጫኚና የጽሑፍ ኢንዴክሶቹን ፈትሺ። ቁጥርና ቀን ላይ ብቻ ያሉትን ይሄ ጉዳይ አይነካቸውም፣ የዳታቤዙ ሎኬል "ሲ" (የቋንቋ ሕግ ሳይከተል በፊደሉ ኮድ ብቻ የሚደረድር) ከሆነም እንደዚያው። ከዚያ ሪኢንዴክስ፣ ማለትም ኢንዴክሱን እንደ አዲስ መሥራት። ዩኒክ ኢንዴክሱ "ድግግሞሽ አለ" ብሎ እምቢ ካለሽ አትደንግጪ፣ እንዲያውም እውነቱን እያሳየሽ ነው። ግን ድግግሞሹን በግምት እንዳታጠፊ። ፖስትግሬስ በኢንዴክስ እንዳይፈልግ በሴቲንግ ዘግተሽ (ኢንዴክሱን ሳትሰርዢ) ቴብሉን በቀጥታ አስነብቢው፣ ድርብ የሆኑትን አትሚና ከመጋዘን ሠራተኛው ጋር ከቢን ካርዱ ጋር አመሳክሩ። ባላንሱ የቱ ትክክል እንደሆነ የሚያውቀው ቢን ካርዱ ነው። ሽያጭ የተመዘገበባቸውን መስመሮች ወደ አንዱ አዛውሪ፣ ሌላውን ከዚያ በኋላ ሰርዢ፣ ከዚያ ሪኢንዴክሱን ድገሚ።

ወደፊት ፖስትግሬስን ወደ 15 ወይም ከዚያ በላይ ስታሳድጊ ይህን ዓይነት ልዩነት ሲያይ ያስጠነቅቅሻል። ማስጠንቀቂያውን የሚያጠፋ ትእዛዝም አለው፣ ግን ኢንዴክሱን አያስተካክልም፤ ሪኢንዴክስ ሳታደርጊ እንዳትነኪው። ለባች ቁጥር ኮለሙ ደግሞ ኮሌሽኑን (የመደርደሪያ ሕጉን) "ሲ" አድርጊው። ለኮድ የቋንቋ ቅደም ተከተል ምንም አያደርግለትም፣ ቀጣዩ አፕግሬድም አይነካውም።

ከወደቀበት ሰዓት በፊት ያሉትን የሎግ መስመሮችና የራሙን መጠን እዚሁ ለጥፊልኝ፣ የደንበኛ ስም ካለበት ግን መጀመሪያ አጥፊው። ወርክ ሜሙን ስንት ላይ እንደምታቆሚው አብረን እናሰላዋለን።